ቆጣሪው ይቆይና መጀመሪያ ያን ብሬከር ያስመልሱ

የዛሬዋ ጠያቂ ኮልፌ አካባቢ የሚኖሩ እናት ናቸው። ደብዳቤያቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ግቢዬ ውስጥ አራት ሰርቪስ ክፍል አከራያለሁ። የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው። ሂሳቡን በሰው ቆጥሬ አካፍላቸው ነበር፤ አሁን ሁሉም አኩርፏል። አንደኛው ልጅ ‹ማታ ገብቼ አንድ አምፖል ነው የማበራው፣ ለምን የሰው እንጀራ እከፍላለሁ?› ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም ሲጋግር ደግሞ ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን። ሠራተኛ ጠርቼ በትልቅ ቀየረልኝ። እውነትም መውረዱን ተወ። ግን ማድቤቱ ሶኬት አካባቢ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸተኛል። ለየክፍሉ ቆጣሪ ባስገባ ይሻላል?»

ቆጣሪው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እመጣበታለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን እግረ መንገድዎን የጠቀሷት ሽታ ናት። ማድቤት ውስጥ ምጣድ ተሰክቶ ከሆነ መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱ፣ ከዚያ ይንቀሉት። መስመሩ እስኪስተካከል አይጋገርም። ተከራዮቹ ቢያጉረመርሙ ለጥቂት ቀን እንጀራ ከሱቅ ይገዛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ሰርቪስ ቤት ላይ ለሶኬት የሚዘረጋው አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ሽቦ ነው (ቁጥሩ የመዳቡ ውፍረት ነው፣ በካሬ ሚሊሜትር)። እሱ ላይ ከ20 አምፔር በላይ አልጭንም። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፔር ይመጣል። አንዱን ይችለዋል። ሁለት ምጣድ ባንዴ ሲሰካ ግን 32 ይሆናል፤ ባለ 20ው ብሬከር ትንሽ ታግሶ ይወርዳል። እርስዎ አስቸገረ ያሉት ሥራውን ሲሠራ ነበር።

ምናልባት ሠራተኛው ባለ 40 አስገብቶልዎት ይሆናል። ለባለ 40 ብሬከር 32 አምፔር ምኑም አይደለም፣ ዝም ይላል። ሽቦው ግን ያው የድሮው ነው። ብሬከሩ ዝም ሲል የሚግለው እሱ ነው።

ባለፈው ክረምት የእርስዎን የመሰለ ግቢ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የማድቤቱን ስካቶላ፣ ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን፣ ስከፍት ናስትሮው (መጠቅለያ ፕላስተሩ) እንደ ማስቲካ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ውስጡ ሦስት ሽቦ በእጅ ተጠማዟል፤ ሞርሴቶ የሚባል የሽቦ ማያያዣ የለም። የአንደኛው ላስቲክ ቀይ የነበረው ጠቁሮ፣ ስነካው እንደ ቆሎ ተሰባበረ። ከላዩ ያለው ኮርኒስ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። የቤቱን ባለቤት ጠርቼ አሳየኋቸው። ጀበናውን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ቆመው ሲያዩት ቆዩ፤ ከዚያ «እኔ እኮ የጎረቤት ቆሻሻ ሲቃጠል መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ያን ብሬከር ወደ ባለ 20 መመለስ ነው። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሁለተኛው ለምጣድ የራሱን መስመር መዘርጋት ነው፦ ብሬከሮቹ ካሉበት ቦርድ ተነስቶ በቀጥታ ማድቤት የሚገባ ባለ 4 ሽቦ፣ በባለ 25 ብሬከር። ጫፉ ላይ ተራ ሶኬት አይሁን። ተራው ሶኬት 16 አምፔር ነው የሚችለው፤ ምጣዱ ሁለት ሦስት ሰዓት የአቅሙ ጠርዝ ላይ ሲያቆመው ቆይቶ ስፒናውን (መሰኪያውን) ያቀልጠዋል። ለከባድ ዕቃ የሚሆን ወፍራም ሶኬት መርካቶ ሞልቷል። ኧርዝ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ፣ የግድ ነው። ሊጥ የነካ እጅ፣ እርጥብ ወለል፣ ምጣድ፤ ከዚህ በላይ ለኤሌክትሪክ የተመቸ ነገር የለም። ሰው ሲይዘው ቶሎ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ቢጨምሩበት እኔም ተኝቼ አድራለሁ።

አንድ የምጣድ መስመር ብቻ መኖሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሁለት ሰው ባንዴ መጋገር አይችልም። ተራ ያወጣሉ፣ ብሬከሩም አይወርድም።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ልጁ እውነቱን ነው። ያሰላሁትን ይመልከቱ። ምጣድ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሠራ 9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል። የእሱ ባለ 10 ዋት አምፖል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር አንድ ተኩል ነው። የአንድ ቅዳሜ ጋገራ የእሱን አምፖል ግማሽ ዓመት ሊያበራ ምንም አይቀረውም። በሰው ቆጥሮ ማካፈል የሚያዛልቀው ሁሉም ሲጋግር ወይም ማንም ሳይጋግር ብቻ ነው።

ለየክፍሉ የውስጥ ቆጣሪ ይግባ። ዋናውን ቆጣሪና እሽጉን ማንም እንዳይነካ፤ እሱ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው። እኛ የምንሠራው ከእሱ በኋላ ባለው ላይ ነው። ቦርድ ይሰቀላል፣ አራት ትንንሽ ቆጣሪ ይደረደራል፣ ለምጣዱ አምስተኛ። ስድስተኛ ደግሞ ለጋራው፦ ለግቢ መብራት፣ ለሽንት ቤት፣ የውሃ ፓምፕ ካለ ለእሱም። የእርስዎ ቤት ከዋናው ላይ የሚቀረው ነው። ይህን የጋራ መስመር የሚረሱት ብዙ ናቸው፤ ኋላ የፓምፑ ፍጆታ በአንዱ ምስኪን ተከራይ ቆጣሪ ላይ ሲቆጥር ይገኛል።

ሠራተኛው «ጨርሻለሁ» ሲልዎት ገንዘቡን ከመስጠትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። የአንደኛውን ክፍል ብሬከር ያውርዱ። ያ ክፍል ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት፤ ሌላው አንድም ነገር መጥፋት የለበትም። አራቱንም እንዲሁ ይሞክሩ። በአሮጌ ሰርቪስ ቤት የአንዱ ክፍል ሶኬት ከጎረቤቱ መስመር ተጠልፎ መገኘቱ የዘወትር ነገር ነው። ኒውትራሉም (የመመለሻው ሽቦ) ለየክፍሉ የራሱ ይሁን። «ኒውትራል ለሁሉም አንድ ይበቃል» የሚል ሠራተኛ ከመጣ ቡና ጋብዘው ይሸኙት።

ለምጣዱ ቆጣሪ ደብተር በገመድ ያንጠልጥሉ። የሚጋግር ሰው ሲጀምር ቁጥሩን ይጽፋል፣ ሲጨርስ ይጽፋል። ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን እኔ ያየሁት ጠብ አብዛኛው በዚህ ነው የበረደው።

ሂሳቡ ሲመጣ ታሪፉን ለመተንተን አይድከሙ። የመጣውን ብር ለዋናው ፍጆታ ያካፍሉት። 1,200 ብር መጥቶ ዋናው 300 ኪሎዋት ሰዓት ቢቆጥር አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 4 ብር ነው። 30 የቆጠረ ክፍል 120 ብር ይከፍላል። ከዚያ በላይ ትርፍ አይጨምሩበት፤ ትርፉን ከኪራዩ ያግኙ።

እዚህ ላይ ግን አንድ የማልደብቅዎት ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደረጃ አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከፍ ሲል የአንዱም ዋጋ ከፍ ይላል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁላችሁም ውዱ ደረጃ ላይ ናችሁ። ያ ባለ አንድ አምፖል ልጅ ብቻውን ቢሆን ታች ነበር። የውስጥ ቆጣሪ ክፍፍሉን ያስተካክላል እንጂ ይህን አያስተካክልም። መድኃኒቱ ከአገልግሎቱ ተጨማሪ ቆጣሪ መጠየቅ ነው። እስኪሆን ድረስ ለልጁ ከኪራዩ ላይ ትንሽ ቢያነሱለት አይጎዱም። ልብስ እንኳ በመብራት የማይተኩስ ተከራይ በቀላሉ አይገኝም።

የመብራቱን ነገር ውሉ ላይም ያስገቡት፦ ቁጥሩ በየወሩ በስንት ቀን እንደሚነበብ፣ የጋራው እንዴት እንደሚካፈል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ሁለት ዓመት በቃል ስምምነት መጨቃጨቅ ረጅም ነው። ሲያነቡ ተከራዩ አጠገብዎ ይቁም፤ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱት።

ዕቃውን ሲገዙ ሽቦው ላይ ይጠንቀቁ። «2.5» ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 1.5 የሆነ ሽቦ ገበያ ላይ አለ። ላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ በዓይን ያታልላል። ጫፉን ልጠው መዳቡን ከሚያምኑት ሽቦ ጎን ያስተያዩት፤ ጥቅሉንም በእጅዎ ያንሱት፣ ቀለል ካለ ይመልሱት።

ያን የሚሸተውን ሶኬት ሲፈታውም አጠገቡ ይቁሙ። ላስቲኩ ቡናማ እስከሆነበት ድረስ ያለው ሽቦ ተቆርጦ ይጣል። «ትንሽ ቀጥዬበት በናስትሮ አስረዋለሁ» ካለ እምቢ ይበሉ። ከስካቶላው ጀምሮ አዲስ ይጎተት።