ኤሲ ከመግዛትዎ በፊት ፀሐይዋን ውጭ ያስቀሩ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምህንድስና መምህር ነኝ። ሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ያለው የድሮዊንግ ክፍላችን መስታወቱ ወደ ምዕራብ ነው። ከሰዓት በኋላ ተማሪ አይቀመጥበትም። መጋረጃ ብንሰቅልም ለውጥ የለም። ኤሲ እንግዛ?

መልስ፦ ኤሲውን ለጊዜው ይተዉት፣ መምህር። መጋረጃው ፀሐይዋን የሚያገኛት መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው፤ ራሱ ይግልና ሙቀቱን ለክፍሉ ይለቃል። ፀሐይ መያዝ ያለባት ከመስታወቱ ውጭ ነው።

መጀመሪያ ግን ቆርቆሮውም ይጠረጠራልና ይለዩ። 6 ሰዓት ላይ ገብተው ኮርኒሱን በእጅዎ ይንኩት። ያኔ ከጋለ ጣሪያው ነው፤ ኮርኒሱ ላይ የሙቀት መከላከያ ያስነጥፉ፣ ከቆርቆሮው ሥር ለታፈነው አየርም በሁለቱም ጫፍ መውጫ ያስከፍቱ። ሙቀቱ ከ9 ሰዓት በኋላ ከመጣ ግን ጥፋቱ የመስታወቱ ነው።

ጣሪያውን ማስረዘም ለደቡብ መስኮት ያዋጣል። ፀሐይ በጣም በምታዘቀዝቅበት በታኅሣሥ እንኳ፣ ቀትር ላይ ኮምቦልቻ 55 ዲግሪ ግድም ከፍ ብላ ስለምትቆም፣ 1.2 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት 80 ሳንቲ ያህል ጥላ ይበቃዋል። በምዕራብ በኩል ግን መጋቢት ላይ 10 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ ወደ 30 ዲግሪ ወርዳለች። ያንኑ መስኮት ለመሸፈን ከ2 ሜትር በላይ ጥላ ሊያወጡ ነው። ማን ይሸከመዋል?

ስለዚህ አግድም የላሜራ ክንፎች ያሠሩ። 15 ሳንቲ ስፋት ያለው ላሜራ በየ8 ሳንቲው ከተደረደረ ፀሐይዋ ከ30 ዲግሪ በታች እስክትወርድ ያግዳታል። የውጭ ጫፉ ወደ ታች ዘንበል ካለ ደግሞ ከዚያም በኋላ ይይዛታል። ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ብርሃኑን ወደ ኮርኒሱ ይመልስልዎታል። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ጥቁር ስቲከር ለድሮዊንግ ክፍል አልመክርም፣ በጠራራ ፀሐይ መብራት ሊያበሩ ነው። ፍሬሙ ከመስታወቱ 30 ሳንቲ ይራቅ፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ መስታወት የሚወለውለውም እጁን ያስገባል። ብሎኑ የሚታሰረው ቢሙ (የኮንክሪት አግዳሚው) ላይ ነው። በያጁ "ብሎኬቱ ይበቃል" ካለዎት እሺ አይበሉት፤ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነፋስ ፊሸሩን (ብሎኑን ግድግዳው ውስጥ የሚይዘውን) ይነቅለዋል።

ደሴ ቢሆን ይህን መስታወት ተማሪ ይሻማበት ነበር። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፤ አንድ ፕላን ለሁለቱም ሲሠራ አያለሁ፣ አይገባኝም።

ከበሩ በላይ የሚከፈት መስኮት ከሌለም ያስወጡ፣ አየሩ ገብቶ የሚወጣበት ያገኛል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኤሲ ካስፈለገ አነስ ያለው ይበቃዎታል።