ችርቻሮውን እንጂ ቡናውን አትቁረጪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የኛን ቤት ያየሁ ነው የመሰለኝ። ሁለት ልጆች፣ የኮንዶሚኒየም ኪራይ፣ ወሩ ሳይጋመስ የሚያልቅ ደመወዝ። «በትንሽ ብር ቤት ውስጥ ደስ ብሎን መኖር እንችላለን ወይ? ልጆቹ ቅዳሜና እሁድ ሰለቸን ይላሉ፤ ባለቤቴ ደግሞ ቁጠባ የሚባል ነገር ሲነሳ ይቆጣል» ብለሻል።

ይቻላል። ግን አብዛኞቻችን ወጪ እንቀንስ ስንል መጀመሪያ እጃችን የሚያርፈው ደስ በሚለን ነገር ላይ ነው። የእሁድ ቡና ይቀራል፣ እንግዳ መጥራት ይቀራል፣ ቤቱ ይጨፈግጋል። ብሩ ግን እዚያ አይደለም ያለው። ብሩ ያለው ታች ሱቅ ነው። ሩብ ኪሎ ሽንኩርት፣ የዛሬ ሽሮ፣ የዛሬ ዘይት፣ ለልጆቹ ቺፕስ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚገዛ ሰው ሁሉንም በውድ ነው የሚገዛው።

ትልቁ ነገር ጤፍ ነው። አዲሱ ምርት ገበያ የሚገባው ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። ኩንታል ጤፍ ለአራት ሰው ሦስት ወር ገደማ ያደርሳል፣ ግን ያን ሁሉ ብር ባንዴ ከየት ይመጣል? እኔ ከቁብ ነው የማመጣው። መሥሪያ ቤት ወርሃዊ ቁብ አለን፤ ዕጣው ጥር ላይ ለሌላ ሰው ከወጣ እለምንና እንለዋወጣለን። ሁሉም ጤፍ ገዢ መሆኔን ስለሚያውቅ ይስቁብኛል። ቁብ ከሌለሽ ከጎረቤትሽ ጋር አንድ ኩንታል ለሁለት ተካፈሉ። ሩዝ ቀላቅዪ የሚሉሽ ይኖራሉ። እንጀራው በማግስቱ ስለሚደርቅ እኔ አልወደውም፤ ከቀላቀልኩ ማሽላ እመርጣለሁ።

ቅቤ የምገዛው ጾም መሀል ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ፈላጊው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ረገብ ይላል። ፋሲካ ሲቃረብ ግን አይቀመስም። በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በአብሽ አንጥረሽ ብታስቀምጪው ይቆይልሻል። ሽሮም ቤት ይሠራ። አተሩንና ሽምብራውን ልጆቹ ይልቀሙ፤ ጠጠር ያገኘ ይጮሃል፣ ውድድር ነው። ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከነበሶብላው፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከበርበሬው ጋር ወፍጮ ቤት ሲሄድ ከሱቁ ሽሮ ጋር አይገናኝም። ደረጃው ላይ የወጣ ጎረቤት ሁሉ «ምን እየሠራሽ ነው?» ይልሻል።

ምጣድ ደግሞ መብራት ይበላል። አንዴ ከጋለ በኋላ ብዙ መጋገር ነው የሚያዋጣው፣ ምክንያቱም በየጊዜው እንደ አዲስ ማጋል ፍጆታሽን ይጨምራል፤ ታሪፉ ደግሞ ፍጆታሽ በጨመረ ቁጥር ወደ ውዱ እርከን ይወስድሻል። ለሁለት እንጀራ ብለሽ አትለኩሺው። የተረፈው ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም ከተረፈ ትሪ ላይ አስጪውና ድርቆሽ አድርጊው።

እንግዲህ ወደ እሁድ እንምጣ። ልጆች የሚሰለቻቸው ገንዘብ ስለሌለ አይመስለኝም፣ እኛ ስልካችን ላይ ስለተደፋን ነው። እኛ ቤት እሁድ ከሰዓት ቡና ይፈላል፤ ከአቦል እስከ በረካ ስልክ የሚነካ የለም። ትልቁ ልጅ ፈንድሻ ያፈነዳል፤ ጥሬ በቆሎው በኪሎ ሲገዛ ከቺፕስ ጋር አይወዳደርም። ትንሿ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፣ ግማሹን ራሷ ላይ ትበትነዋለች። ከዚያ እንቆቅልሽ ነው። የድሮው ሲያልቅባቸው ራሳቸው መፍጠር ጀመሩ። በቀደም ልጄ «እንቆቅልህ» አለ፣ «ምን አውቅልህ» አልነው። «ሲርበው የሚጮህ፣ ሲያጎርሱት ዝም የሚል።» አባቱ ድመት አለ፣ እህቱ ሕፃን አለች፣ እኔ ሆድ አልኩ። አገር ስጡኝ ብሎ ጎንደር ሰጠነው፤ ሄዶ ጠግቦ በልቶ ለእኛ አጥንት ከላከልን በኋላ ነው መልሱን የነገረን፤ የመብራቱ ካርድ ቆጣሪ ነው።

አልፎ አልፎ መውጣት ከፈለጋችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። የልጆች ክፍል አለው፣ በነፃ ነው፣ ወጪያችሁ ታክሲ ብቻ ነው። ምሳ በልታችሁ ሂዱ፤ ከወጡ በኋላ ራበን ካሉሽ ያው ካፌ ልትገቢ ነው።

ልደትም የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ድፎ ዳቦ ድፊና ሻማውን እሱ ላይ ሰኪው። ክሬም የለውም ብለው ያጉረመርማሉ፣ አይዞሽ። የብሎኩ ልጆች ሲመጡ ኬኩ ይረሳል።

ስለ ባለቤትሽ አንድ ነገር ልበልሽ። ሰው የሚቆጣው እያንዳንዷን ብር «የት አደረስካት?» ሲባል ነው። እኛ ቤት ደመወዝ ሲገባ ኪራይ፣ ቁብና የትምህርት ቤት ክፍያ መጀመሪያ ይወጣል። ከዚያ ለባለቤቴም ለእኔም እኩል የኪስ ብር እንይዛለን፤ ትንሽ ናት፣ ግን አትጠየቅም። እሱ በሷ ድራፍቱን ይጠጣል፣ እኔ ፀጉሬን እሠራለሁ። መጀመሪያ በዚህ ተስማሙ፤ የጤፉንና የቅቤውን ነገር ከዚያ በኋላ አንሺለት፣ ሲረጋጋ ነው የሚሰማሽ።