መልስ፦ ተማሪዎች ያወጡትን ግብ ለምን ይረሱታል?

መምህር፣ የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ «አንደኛ እወጣለሁ» ብለው ጽፈው በሳምንቱ ይረሱታል ብለዋል። ስንፍና አይደለም፤ እንዲህ ያለው ግብ ልጁ ነገ ምን እንደሚሠራ አይነግረውም። የታረመውን የፈተና ወረቀት ይስጧቸውና ስህተታቸውን ራሳቸው ይፈልጉ። 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ የጻፈ ልጅ ላዕልን ከላዕል፣ ታህትን ከታህት ደምሯል። ግቡ እንግዲህ «እስከ ዓርብ ታህታቸው የተለያየ 10 የክፍልፋይ ድምር ሠርቼ 8ቱን አገኛለሁ» ይሁን። ቁጥሩን ግን ልጁ ይምረጥ፤ እርስዎ ከመረጡለት የቤት ሥራ ሆነ ማለት ነው። በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ይጻፈው፣ ዓርብ ዓርብ 5 ደቂቃ ሰጥተውት ያገኘውን ከጎኑ ያስፍር። 5 ብቻ ካገኘ ግቡን አይሰርዝ፤ መጀመሪያ የጋራ ብዜት ማግኘትን ይለማመድ። እባክዎ ማርክ አይስጡበት፤ ማርክ ከገባበት ሁሉም ቀላል ግብ ያወጣል።