ኳስ ለምትወረውሩ ልጆች

ልጆች፣

እዚህ አሜሪካ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ቤዝቦል ተጫውቼ አላውቅም። የፒቸር፣ ማለትም ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች፣ ክርን ግን አሳምሬ አውቃለሁ። የእኛ ሰው ልጆችም ይመጡልኛል። ኳስ ሲባል እግር ኳስ ብቻ የሚታያቸው አባቶቻቸው አጠገባቸው ግራ ተጋብተው ይቀመጣሉ።

ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ ፍጥነት ነው። «ውርወራዬ በሰዓት 90 ማይል እንዲደርስ ምን ላድርግ?» እኔ ደግሞ ስለ ቶሚ ጆን ላውራችሁ። ስሙን የምታውቁት በእሱ ስም በሚጠራው የክርን ቀዶ ሕክምና ነው። ሰውዬው ግን ግራኝ ፒቸር ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1974 ለሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድን ሲወረውር የክርኑ ጅማት ተበጠሰ። ያኔ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ፒቸር አበቃለት ማለት ነበር። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ ግራ ክርኑ ላይ ተከለለት። 1975ን ሙሉውን አልተጫወተም። በ1976 ተመለሰና እስከ 1989፣ እስከ 46 ዓመቱ ወረወረ። ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

ይህን የሰሙ ወላጆች «ታዲያ ልጄም ቀዶ ሕክምናው ከአሁኑ ቢሠራለትስ? ክንዱ ይጠነክር የለ?» ይሉኛል። ኧረ በፍጹም! ብዙውን ጊዜ ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ጭራሽ ያልተመለሰም አለ። ደግሞም ቶሚ ጆን በፍጥነቱ የሚፈራ ሰው አልነበረም። ኳሱ መቺው ጋ ስትደርስ ወደ ታች ትወርዳለች፤ መቺው ቢያገኛትም መሬት ለመሬት ይልካታል። ያንን ያህል ዕድሜ የሰጠው ይህ ይመስለኛል።

የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ) እና ዩኤስኤ ቤዝቦል የሚባለው ድርጅት መመሪያ ለ15 እና 16 ዓመት ልጅ በቀን ቢበዛ 95 ውርወራ ይፈቅዳል። 76 ከደረሰ አራት ቀን ያርፋል። በዓመት ደግሞ ቢያንስ አራት ወር በውድድር ከመወርወር ይታቀባል። ችግሩ ሁለት ቡድን ውስጥ የሚጫወተው ልጅ ነው። አንዱ አሰልጣኝ የቅዳሜውን ይቆጥራል፣ ሌላው የእሁዱን። ድምሩን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ቁጠሩ፣ ጻፉት፣ ለሁለቱም አሳዩ።

ደግሞ ቤታችን «ወንድ ልጅ ቻል ያደርጋል» እየተባለ ነው ልጅ የሚያድገው። ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ እንኳ «ደህና ነኝ» የሚለኝ ልጅ ብዙ ነው። ክርናችሁ በውስጥ በኩል ካመማችሁ፣ ወይም ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ፣ ጨዋታው ፍጻሜም ቢሆን ኳሷን ለአሰልጣኙ ስጡና «ያመኛል» በሉት።