እናቷ እግራቸውን ለሚደነዝዛቸው እህት፦ ስለ ቫይታሚን ቢ12

እህቴ፣ እናትሽ የስኳር ታካሚ ናቸው፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት ለዓመታት ወስደዋል፣ ጾምም አያስታጉሉም። አሁን እግራቸውን ይደነዝዛቸዋል፣ ይደክማቸዋል። «ቢ12 እንዲያገኙ ምን ላብላቸው?» ነው ያልሽው። እዚሁ ደሴ የእኔም እናት ይኸው ነው የገጠማት።

እኛ ቤት ሁሉም «የስኳሩ ነው» አለ። እውነት ነው፣ ስኳርም ነርቭ ይጎዳል። ግን እናቴ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ሳይታወቃት ትሄድ ጀመር። ምላሷም ቀልቶ በርበሬ አላስቀምስ አላት። ሐኪሙ የደም ምርመራ አዘዘ፤ ቢ12ዋ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ ቫይታሚን ሲያንስም ነርቭ ይጎዳል። ሜትፎርሚን ብዙ ዓመት ሲወሰድ ሰውነት ቢ12ን ከምግብ በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞልም ሲቆይ እንደዚያው ነው። ታዲያ መድኃኒቶቹን በራሳችሁ እንዳታቆሙ፣ አደራ!

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ጉበትን የሚያህል የለም፤ ትንሽ ቁራጭ ከበቂ በላይ ነው። በደንብ ይብሰል እንጂ፣ ጥሬ ዱለት ይቅርባቸው። አንድ ብርጭቆ ወተት የቀኑን ግማሽ ያህል ይሰጣል፣ እንቁላል ከዚያ ያንሳል። ከሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ ዓሣም ጥሩ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባታቸው ተዪው። ምስሩና ጎመኑ ፎሌት የሚባለውን ሌላ ቫይታሚን ይሰጣሉ፣ ቢ12 ግን የላቸውም።

ጾሙን ብቻ አትውቀሺ። ጉበታችን ቢ12ን ለዓመታት የሚሆን ያከማቻል፤ አንድ ዐቢይ ጾም ብቻውን አያሟጥጠውም። መድኃኒቱና ዕድሜው ሲደመሩበት ነው የሚከፋው። እንዲያውም በፍስኩስ ቢሆን፣ በዛሬ ኑሮ ሥጋ በየቀኑ የሚበላ ማን ነው?

ሰውነታቸው ከምግብ መውሰድ ካቃተው ደግሞ ምግብ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። እናቴ በመርፌ ነው የጀመረችው። ድካሙ ቶሎ ለቀቃት። መደንዘዙ ግን ወራት ፈጀ፣ የጣቶቿ ጫፍ ላይ አሁንም አለ።

ፋርማሲ ሄደሽ ፎሊክ አሲድ (በክኒን የሚመጣው ፎሌት) ብቻ ገዝተሽ እንዳትሰጪያቸው። ደሙን አስተካክሎ የቢ12ን እጥረት ይሸፍነዋል፤ ነርቩ ግን ውስጥ ውስጡን ይጎዳል። «ደም ማነስ የለባቸውም» ቢሉሽም አትዘናጊ፣ ያለ ደም ማነስም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ሜትፎርሚኑን ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስዱ ንገሪው። የቢ12 ምርመራ ሁሉም ላብራቶሪ ስለማይሠራው፣ እሳቸውን ይዘሽ ከመንከራተትሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ።