አሮጌ የጀልባ ሞተር እየጠገንኩ መኖር እችላለሁ?

የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው። ጠያቂው ባህር ዳር እያለ ጣና ላይ የሚሠሩ የቱሪስት ጀልባዎችን ሞተር ይጠግን ነበር። እዚህ ከመጣ ወዲህ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ባለፈው መስከረም ጎረቤቱ «አይሠራም፣ ከፈለግክ ውሰደው» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1956 የተሠራ ጆንሰን የተባለ የጀልባ ሞተር ሰጠው፤ ባለ 5.5 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ሞተር። አስነሳውና ሸጠው። ከዚያ ሁለት ሌሎች ገዝቶ ጠገነ። «መጋዘኑን ትቼ አሮጌ ሞተር እየገዛሁ፣ እየጠገንኩና እየሸጥኩ መኖር እችላለሁ? ባለቤቴ አብደሃል ትለኛለች። የኢትዮጵያ ልምዴን ደግሞ እዚህ የሚቆጥርልኝ ያለ አይመስለኝም» ይላል።

ወንድሜ፣ አላበድክም። ግን መጋዘኑን አሁን አትልቀቅ። ባለቤትህ ስለ ደመወዙ የምትለው ትክክል ነው። አንተም ስለ ሙያው ያሰብከው ትክክል ነው። የሳትከው አንድ ነገር ብቻ ይመስለኛል፤ ገንዘቡ ያለው ሞተር ገዝቶ መሸጡ ላይ አይደለም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። አንድ ሞተር በ100 ዶላር ገዛህ እንበል። የውሃ ፓምፕ ላስቲክ፣ ሁለት ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ የሽቦ ጥቅል)፣ ካንዴላ፣ የካርቡሬተር ጋስኬትና የማርሽ ዘይት ሌላ 120 ዶላር ወሰዱብህ። በ400 ሸጥከው። እጅህ ላይ 180 ዶላር ቀረ። አሁን ሰዓትህን ቁጠር። ሄደህ ማምጣቱ፣ መፍታቱ፣ ዕቃ መፈለጉ፣ መግጠሙ፣ ፎቶ ማንሳቱ፣ «የመጨረሻ ዋጋህ ስንት ነው?» እያለ ለሚጽፍልህ ሁሉ መመለሱ። ይህ ሁሉ በ14 ሰዓት ካለቀ ጎበዝ ነህ። በሰዓት 13 ዶላር እንኳ አይሞላም፤ የመኪናህን ነዳጅ ሳንቆጥር። መጋዘኑ ከዚህ የተሻለ እንደሚከፍልህ እገምታለሁ።

ያም ሆኖ ሙያው ተፈላጊ ነው። ምክንያቱን ልንገርህ። ሚኒሶታ ከ10 ሺህ በላይ ሐይቅ አላት፤ በብዙ ቤተሰብ ጋራዥ ውስጥ የአያት ሞተር ተሰቅሎ ይገኛል። ኦሌ ኤቪንሩድ፣ በልጅነቱ ከኖርዌይ የመጣው ሰው፣ የጀልባ ሞተሩን ገበያ ላይ ያዋለው በ1909 እዚሁ ጎረቤት ዊስኮንሲን ውስጥ ነው። ኤቪንሩድና ጆንሰን በ1936 በአንድ ኩባንያ ስር ገቡ። ኩባንያው በ2000 መጨረሻ ከሰረ፣ ስሙን ቦምባርዲየር የተባለ ሌላ ኩባንያ ገዛው፣ የኤቪንሩድ ምርት ደግሞ በ2020 ጨርሶ ቆመ። ሞተሮቹ ግን አልሞቱም። ካርቡሬተር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ የሚነዳው፣ በአሜሪካ የጭስ ሕግ ምክንያት አዲሱ ከገበያ ወጥቷል። አሮጌው ደግሞ ቀላል ነው፤ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ከመኪናው አውርዶ ጀልባው ላይ ይሰቅለዋል። በሰሜን፣ ባውንዳሪ ዋተርስ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ ደግሞ ሞተር በሚፈቀድባቸው ሐይቆች ላይ ገደቡ እንደ ሐይቁ 10 ወይም 25 ፈረስ ጉልበት ነው። ስለዚህ ትንሽ ሞተር ሁልጊዜ ፈላጊ አለው።

እነዚህን ሞተሮች የሚነካቸው ሰው ግን እያነሰ ነው። ብዙ የጀልባ ሱቆች ዕድሜው የገፋ ሞተር አንቀበልም ይላሉ። የእነሱ ሜካኒኮች የሰለጠኑት በኮምፒውተር በሚመረመሩ ባለ አራት ምት ሞተሮች ላይ ነው። የ1956 ጆንሰን ጠረጴዛቸው ላይ ሲቀመጥ ሰዓታቸውን ይበላል። አንተ የምትገባው እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። የሰው ሞተር ስትጠግን ሰዓትህ ይከፈልሃል። ዕቃውን ባለቤቱ ይከፍላል። ገንዘብህ በብረት ላይ ተይዞ ክረምቱን አይከርምም። ስለዚህ መግዛትና መሸጡን ለመማሪያና ለመታወቂያ አድርገው፣ የእንጀራህን ዋስትና ግን በጥገናው ላይ ጣል።

ቢሆንም መግዛትህ አይቀርምና ስለ ግዢው ትንሽ ልቆይ። ትርፍም ኪሳራም የሚወሰነው እዚያ ነው።

ስልክ ስትደውል ባለቤቱ ቀድሞ እንዳያስነሳልህ ለምነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ችግሩን ይደብቃል። ከደረስክ በኋላ ካንዴላዎቹን ፍታና ኮምፕረሽኑን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት፣ ለካ። ቁጥሩ ትልቅ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ አለባቸው። አንዱ 80 አንዱ 45 ካሳየህ አመስግነህ ውጣ። ቀጥሎ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ወዳለው የማርሽ ቤት ውረድ። የታችኛውን ብሎን በካቻቢቴ ቀስ አድርገህ አላላው፣ ከስሩ ነጭ ጨርቅ ያዝ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ውስጥ ውሃ ካለ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው እሱ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የላስቲክ ማሸጊያ (ሲል) አልፎበታል ማለት ነው። ጣትህ ላይ አሸት አሸት አድርገው፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ማርሹም እየተበላ ነው። ጣና ላይ ውሃ መግባቱ ያን ያህል አያስቸኩልም ይሆናል። እዚህ ግን ያ ውሃ በጥር ወደ በረዶ ይለወጣል፣ ይሰፋል፣ የአሉሚኒየሙን ቤት ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጎኑን በእጅ ባትሪ እያበራህ መርምር፤ ፀጉር የምታህል መስመር ካየህ ሞተሩ ለመለዋወጫ ብቻ ነው የሚሆነው።

ሞተሩ እሳት የለውም፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ አይሰጥም፣ ብለው የሚሸጡልህን ግን አትፍራው። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 70ዎቹ አጋማሽ በተሠሩ ብዙ ጆንሰንና ኤቪንሩዶች ላይ ቦቢናዎቹ ከፍላይዊሉ፣ ማለትም ሞተሩ አናት ላይ ከሚሽከረከረው ከባድ ጎማ፣ ስር ናቸው፤ ሽፋናቸው በዕድሜ ይሰነጠቅና እሳቱ በስንጥቁ ያመልጣል። በሽታው የታወቀ ነው፣ አዲስ ቦቢና ዛሬም ይገኛል። ባለቤቱ «ሞቷል» ብሎ የጣለው ሞተር ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ፍላይዊሉን በመዶሻ እየቀጠቀጥክ አታውጣው፤ አናቱ ላይ ባሉት ሦስት ቀዳዳዎች የሚታሰር መጎተቻ አለ። ፖይንቶቹን (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙና የሚያቋርጡትን ትናንሽ መገናኛዎች) አጽዳ፣ ክፍተታቸውን 0.020 ኢንች አድርግ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እሳቱ የሩብ ኢንች ክፍተት ዘሎ እንደሚያልፍ በዓይንህ አረጋግጥ።

ሁለት ነገር ደግሞ ከእጅህ እንዳያመልጥህ። ከ1949 ጀምሮ እስከ 50ዎቹ መጨረሻ የተሠሩ ብዙ ጆንሰንና ኤቪንሩዶች የነዳጅ ፓምፕ የላቸውም። ነዳጁ የሚመጣው በሁለት ቱቦ ከተያያዘና ግፊት ከሚሞላው ጋን ነው። ሞተሩን ያለ ጋኑ ከገዛህ፣ ጋኑን ለብቻ ስትፈልግ ትርፍህ ያልቃል። ጋኑም ካለ ጋስኬቱንና ቱቦውን ሳታይ አትሙላው፤ በግፊት የተሞላ ቤንዚን ነው። ሁለተኛው ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለው ዘይት ነው። የድሮዎቹ አብዛኞቹ 24 ለ 1 ነው የሚፈልጉት፣ ማለትም ለ6 ጋሎን ቤንዚን 1 ኳርት ዘይት። 50 ለ 1 የተለመደው ከ60ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ዘይቱም ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት ያለበት የጀልባ ዘይት ይሁን፣ የመኪና አይደለም። የምትሸጠው ሞተር ላይ ልኩን በወረቀት ጽፈህ እሰርለት። ይህን ሳትነግረው ሸጠህለት ሞተሩ ቢነክስ፣ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ቢቆም፣ ጥፋቱ የአንተ ነው፤ ገዢው መንደሩን ሁሉ ይነግራል።

ሽያጩ ላይ ሐቀኝነት ዋጋ አለው። በበርሜል ውሃ ውስጥ፣ ከቀዝቃዛ ሲነሳ፣ ሳትቆርጥ ቪዲዮ ቅረጽ። ያለ ውሃ ግን ለአፍታም አታስነሳው፤ የፓምፑ ላስቲክ ወዲያው ይቃጠላል። የ50ዎቹ ሞተሮች ብዙዎቹ እንደ ዛሬዎቹ በጎን ውሃ የሚተፋ ቀዳዳ የላቸውም፣ ከኋላ ከጭሱ ጋር ነው የሚረጩት። ይህን የማያውቅ ገዢ «ውሃ አይስብም» ብሎ ይደነግጣል፤ ቀድመህ አስረዳው። የተሠራበትን ዓመት በግምት አትጻፍ፣ መቆንጠጫው ላይ ካለው ሰሌዳ የሞዴሉን ቁጥር አንብበህ አመሳክር። አንድ ፈተናም ይገጥምሃል። ከ1974 ጀምሮ የወጡት ባለ 9.9 እና ባለ 15 ጆንሰንና ኤቪንሩዶች የሲሊንደራቸው ልክ አንድ ነው፤ ልዩነቱ በዋናነት ካርቡሬተሩ አካባቢ ነው። በዚህ ምክንያት 15ቱን የ9.9 ክዳን አልብሰህ እንድትሸጥላቸው የሚጠይቁህ አሉ፣ ገደብ ባለበት ሐይቅ ላይ ለመሄድ። እምቢ በል። ስምህ ገና እየተሠራ ነው።

ጊዜውን አስተውል። ሰዎች የሐይቅ ዳር ቤታቸውን የሚዘጉት በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የምትገዛው ያኔ ነው። የሚፈልጉት ደግሞ በረዶው ሲቀልጥ፣ ከሚያዝያ እስከ ግንቦት አጋማሽ የዓሣ ማጥመጃው ወቅት እስኪከፈት ድረስ። በመሐል ያለው ረጅም ክረምት የመጠገኛ ጊዜህ ነው። የት እንደምትሠራ አልጻፍክልኝም። አፓርትመንት ከሆነ እባክህ ምድር ቤቱ ውስጥ ቤንዚን አታስቀምጥ፣ ልጆች ያሉበት ሕንፃ ነው። ጋራዥ ውስጥም በሩን ዘግተህ ሞተር አታስነሳ፤ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሳይታወቅህ ይገድላል። ጋራዥ ካለው ወዳጅህ ጋር ኪራይ ተካፈሉ፤ መጀመሪያ ግን የኪራይ ውሉን አንብቡ።

ግብሩን በአጭሩ። ከራስህ ሥራ በዓመት የተጣራ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካገኘህ ለፌዴራል መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በላዩ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ግብር አለ። አዘውትረህ ስትሸጥ ደግሞ የሚኒሶታ የሽያጭ ግብር ይመለከትሃል፤ የስቴቱ ድርሻ 6.875 በመቶ ነው። ደረሰኝህን ሁሉ በአንድ ካርቶን አጠራቅም፣ ሒሳብ ሠሪ ጋ አንድ ጊዜ ቁጭ በል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ እኔ አንተን ብሆን የማደርገውን ልንገርህ። እስከ ጥር መጋዘኑን እየሠራሁ ሁለት ሞተር ብቻ እጠግናለሁ፣ ከዚያ በላይ አልገዛም። ጥርና የካቲት ላይ የጀልባ ሱቆች ለወቅቱ ሰው መፈለግ ይጀምራሉ። ያኔ በኦንላይን ማመልከቻ ብቻ አልወሰንም፣ በአካል እሄዳለሁ፤ የአገልግሎት ክፍል ኃላፊውን አነጋግራለሁ። ጀማሪ ሆነህ ልትገባ ትችላለህ፣ ጀልባ ማጠብና ዘይት መቀየር ሊሆን ይችላል። እሱን አትናቀው። የያማሃና የሜርኩሪ የፋብሪካ ሥልጠናዎች በዋናነት የሚገኙት በወኪል ሱቆች በኩል ነው፤ ሱቁ ሲልክህ ወጪው የእሱ ነው። ባለ አራት ምቱንና ኮምፒውተሩን እዚያ ትማራለህ። ሱቁ የማይቀበላቸውን አሮጌ ሞተሮች ደግሞ «ቤት ልሠራቸው እችላለሁ፣ ደንበኛውን ወደ እኔ ላኩት» ብለህ ከኃላፊው ጋር በግልጽ ተነጋገር። በስውር አታድርገው፤ ያስባርርሃል። ክፍያው ከመጋዘኑ ጋር ከተስተካከለ ያኔ ልቀቅ።

ትምህርት ቤት መግባት ከፈለግክ በአካባቢህ ያሉ ኮሌጆች የጀልባና የአነስተኛ ሞተር ጥገና ያስተምሩ እንደሆነ ጠይቅ። እኔ ግን ለአንተ መጀመሪያ ሱቁን እመርጣለሁ። እጅህ ተፈትቷል፤ የሚጎድልህ የእዚህ አገር የሥራ ወረቀትና የእንግሊዝኛው የዕቃ ስም ነው፣ ሁለቱንም ሱቅ ውስጥ እየተከፈለህ ታገኛቸዋለህ።

ልምዴን አይቆጥሩልኝም ያልከውን አልቀበልም። ሪዙሜህ ላይ «ሜካኒክ፣ ባህር ዳር» ብለህ ብቻ ከተውከው ማንም አይቆጥርልህም። ምን ዓይነት ሞተር፣ ስንት ፈረስ ጉልበት፣ ምን ምን እንደፈታህ ጻፍ። ጀልባው መንገደኛ እንደሚጭን፣ መሐል ሐይቅ ላይ ሲቆም የሚደርስልህ እንደሌለ፣ መለዋወጫ ሲጠፋ እንዴት እንደተወጣኸው ጻፍ። ከዚያ ስር የ1956 ጆንሰኑን አስገባ፤ ሲመጣ ኮምፕረሽኑ ስንት እንደነበር፣ ምን እንደቀየርክ፣ ስንት እንደተሸጠ። ስልክህ ላይ ሲነሳ የሚያሳየውን ቪዲዮ ይዘህ ግባ። ረቂቁን ከገና በፊት ላክልኝና እንግሊዝኛውን አብረን እናስተካክለዋለን።