ያልተገኘ እባብ ሁሉ ሞቷል?

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጥናቴ አምና 60 እባቦች ይዤ ምልክት አድርጌ ለቀቅኳቸው። ዘንድሮ ያገኘሁት 15ቱን ብቻ ነው። «የተረፉት 25 በመቶ ናቸው» ብዬ ብጽፍ ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። 25 በመቶው የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፦ እባቡ እስከ ዘንድሮ የመትረፉ ዕድልና፣ ከተረፈ ደግሞ እጅዎ የመግባቱ ዕድል። እባብ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይ ሥርና ጉድጓድ ውስጥ ስለሚውል ሁለተኛው ዕድል ብዙ ጊዜ አነስተኛ ነው። ሁለቱን ለመነጣጠል ቢያንስ የሦስተኛ ዓመት ፍለጋ ያስፈልጋል።

ለከርሞ ከ60ዎቹ 12 አገኙ እንበል። እነዚህ ዘንድሮ በሕይወት እንደነበሩ ጥርጥር የለውም። ከ12ቱ ዘንድሮ የያዟቸው 4 ብቻ ከሆኑ፣ በሕይወት ያለን እባብ የማግኘት ዕድልዎ ከሦስት አንድ ነበር። 0.25 ለ0.33 ሲካፈል 0.75 ገደማ ይመጣል። ከሩብ ወደ ሦስት ሩብ! በ4 እባብ ላይ የቆመ ግምት ግን ብዙ ስለሚዋዥቅ ፍለጋውን አምስት ስድስት ዓመት ቢያስኬዱት ይመረጣል።

ይህን ስሌት በቀመር ያስቀመጡት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ኮርማክ በ1964፣ ጆሊና ሲበር ደግሞ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ናቸው። ማርክ የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ያሰላልዎታል። የእያንዳንዱን እባብ ታሪክ ሲያስገቡ ለተገኘበት ዓመት 1፣ ላልተገኘበት 0 ይጽፋሉ፤ 101 ማለት መሐል ላይ ያመለጠ ነው። ዕድሎቹ በየዓመቱ ይለያያሉ ካሉ የመጨረሻው ዓመት የመትረፍና የመገኘት ዕድሎች ሳይነጣጠሉ እንደተባዙ ይቀራሉ፤ ያንን ቁጥር ሪፖርት አያድርጉ።

ፆታን አይደባልቁ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የሚኖረው ቲምበር ራትልስኔክ የተባለ መርዛማ እባብ ሴቷ የምትወልደው በአብዛኛው በሦስት አራት ዓመት አንዴ ነው። ባረገዘችበት በጋ ገላጣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ በቀላሉ ትያዛለች፤ በሌላው ጊዜ ጫካ ገብታ ትሰወራለች። ይህን ያላገናዘበ ሰው ከወለደች በኋላ ሞተች ብሎ ይደመድማል።

ከጥናቱ ክልል ለቆ የሄደ እባብም ቢሆን በስሌቱ ከሞተ አይለይም።

ጥያቄ፦ እባቦቹን ምልክት ለማድረግ ቅርፊት መቁረጥ ይሻላል ወይስ ማይክሮቺፕ (መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ ቺፕ) ማስገባት?

መልስ፦ ሁለቱንም ያድርጉ፤ ምልክቱ የጠፋበት እባብ እንደ ሙት ስለሚቆጠር አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። 12 ሚሊሜትር የሚረዝመው ቺፕ ከፊንጢጣው ወደ ራስ በኩል፣ በጎኑ ከቆዳው ሥር ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በመርፌው ቀዳዳ ተመልሶ ሲወጣ ነው፤ በአውራ ጣትዎ ገፍተው ከቀዳዳው ያርቁት፣ ቀዳዳውንም በቁስል ማጣበቂያ ይድፈኑት። የሆድ ቅርፊት ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ራስ እየተቆጠረ ይቆረጣል፤ ጫፉ ብቻ ከተነካ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠባሳው አይለይም። ለቺፕ የማይበቁ ጫጩቶችን በሕክምና መተኮሻ በቅርፊታቸው ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ሆኖም ጫጩት ተመልሶ የሚያዘው ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ዓመት መትረፍ ከአዋቂዎቹ ቁጥር ጋር ደምረው አያስሉ።